ያላዘዝነው ዕቃ በራችን ላይ ሲቆም



ባለፈው ሴሚስተር አንድ ምሽት ከመግሪብ ሶላት ተመልሰን ዶርም ስንገባ አንዱ አልጋ ላይ ትልቅ ካርቶን ተቀምጦ አገኘን። በፕላስተር ተጠቅልሏል፤ በሲባጎ ታስሯል። ላዩ ላይ በማርከር «ሙሐመድ፣ እንጅባራ» ይላል። ከሥሩ የነበረውን ስልክ ቁጥር የእንጅባራ ዝናብ አጥቦት የሚነበቡት የመጀመሪያዎቹ አራት ቁጥሮች ብቻ ናቸው። ከመናኸሪያ ያመጣው የባጃጅ ሹፌር ለጥበቃው «የተማሪ ዕቃ ነው» ብሎት ሄዷል። ጥበቃው ደግሞ የሚያውቀውን አንድ ሙሐመድ ጠርቶ አስረክቦታል። ያ ወንድማችን ከማንም ምንም አላዘዘም። ምናልባት ቤተሰብ ልኮልኝ ይሆናል ብሎ ደወለ፤ ማንም አልላከለትም።

ካርቶኑ አልጋ ሥር ሦስት ሌሊት አደረ። ይህን ጽሑፍ ያጻፈን በእነዚያ ሦስት ሌሊቶች የተባለው ነው። አንዱ «ሪዝቅ ነው፤ አላህ ሲሰጥ በየት በኩል እንደሚሰጥ አይታወቅም» አለ። ሌላው «ከፍተን እንየውና ካልጠቀመን እንመልሰዋለን» አለ። ሦስተኛው «ለራሳችን አንውሰደው፤ ሸጠን ለጀመዓው የኢፍጣር ወጪ እናውለው» አለ። አራተኛው «ስህተቱ የላኪው ነው፤ እኛን ምን አገባን» ብሎ ተሸፋፍኖ ተኛ። ማናችንም ክፉ አላሰብንም። ነገር ግን «ይህን ዕቃ አሁን በጭንቀት እየፈለገ ያለው ማን ነው?» ብሎ የጠየቀ ከመካከላችን አንድም አልነበረም።

በአራተኛው ቀን ሁለታችን ካርቶኑን ተሸክመን መናኸሪያ ሄድን። ከብዙ ጥየቃ በኋላ ዕቃውን ከአዲስ አበባ ያመጣውን የአውቶቡስ ረዳት አገኘነው። ካርቶኑን ሲያይ መጀመሪያ አላመነም፤ ከዚያ እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ባለቤቱ በከተማው ውስጥ ትንሽ ሱቅ ያለው ሌላ ሙሐመድ ነበር። ካርቶኑ ውስጥ የልጆች ጫማ ነበር። ረዳቱ የዕቃውን ዋጋ ከኪሱ እንዲከፍል ተነግሮት እስከ ቅዳሜ ጊዜ እንዲሰጡት ለምኖ ነበር። ለእኛ የክርክር ማሞቂያ የሆኑት ሦስት ሌሊቶች ለእሱ እንቅልፍ የለሽ ነበሩ። የእኛ እምነት ተከታይ አልነበረም። ሲሰናበተን ግን ማን እንደሆንን፣ ከየት እንደመጣን ጠየቀን።

ከዚያ ቀን ወዲህ በጀመዓችን ስንነጋገርበት የቆየነው ሐሳብ ባጭሩ ይህ ነው፦ ያላዘዝነው ዕቃ ዕዳ አይሆንብንም፤ ንብረትም አይሆነንም። ብዙዎቻችን ከሁለቱ አንዱን ብቻ ይዘን እንሳሳታለን። ገሚሳችን በስህተት የመጣውን እንደ ስጦታ እንወስዳለን። ገሚሳችን ደግሞ ሆን ተብሎ የተጫነብንን እንደ ዕዳ ቆጥረን በይሉኝታ እንከፍላለን።

ሪዝቅ ነው ወይስ አማና?

የፊቅህ ሊቃውንት ይህን ጉዳይ አውቶቡስና ካርቶን ሳይኖር ከመቶዎች ዓመታት በፊት አንስተውታል። በመጽሐፎቻቸው የሚሰጡት ምሳሌ የንፋስ ነው። የጎረቤትህ ልብስ ከተሰጣበት በንፋስ ተነሥቶ ግቢህ ውስጥ ቢወድቅ ልብሱ ያንተ ምንድን ነው? አልገዛኸውም፤ አልተሰጠህም፤ ጠብቅልኝ ብሎ አደራ ያስቀመጠብህም የለም። ሊቃውንቱ መልሰው አማና ነው ይላሉ። ባለቤቱ ባያስቀምጠውም ሸሪዓው አንተን ጠባቂ አድርጎሃል። ባለቤቱን እያወቅክ፣ መንገርም እየቻልክ ዝም ብትልና ልብሱ ቢጠፋ ወይም ቢበላሽ ተጠያቂው አንተ ትሆናለህ። ዝምታህ ከጠባቂነት ወደ ወሳጅነት ያሻግርሃል።

በእኛ ካርቶን ላይ ያለው ፍርድ ከዚህ ብዙም አይርቅም። ንፋሱ ባጃጅ ሆነ እንጂ ነገሩ ያው ነው። ስለዚህ «እኛ አልጠየቅንም፤ ራሱ መጣ» የሚለው ቃል ከስርቆት ነፃ ያወጣናል እንጂ ከአማና ነፃ አያወጣንም። አላህ በሱረቱ አን-ኒሳእ 58ኛው አንቀጽ አማናን ለባለቤቶቹ እንድናደርስ ሲያዝ ባለቤቱ ሙስሊም ከሆነ፣ ዕቃው ውድ ከሆነ ወይም በፊርማ ከተረከብነው የሚል ቅድመ ሁኔታ አላስቀመጠም።

ባለቤቱ ማን እንደሆነ ፈጽሞ ካልታወቀ ነገሩ ወደ ሉቀጣ፣ ማለትም ወደ ወድቆ የተገኘ ንብረት ሕግ ይጠጋል። በቡኻሪና በሙስሊም በተዘገበው የታወቀ ሐዲስ የአላህ መልዕክተኛ (ሰ.ዐ.ወ.) ስለዚህ ተጠይቀው ያስተማሩት ሦስት ነገር ነው። መያዣውንና ማሰሪያውን ለይተህ እወቅ። ለአንድ ዓመት አስታውቅ። ባለቤቱ ካልመጣ ልትጠቀምበት ትችላለህ፤ ግን በየትኛውም ቀን ቢመጣ ትመልስለታለህ። እንግዲህ ከዓመት ፍለጋ በኋላ እንኳ የባለቤቱ መብት የማይሞት ከሆነ ከሦስት ሌሊት በኋላ «የመጣ ሰው የለም» ማለት ምን ያህል እንደሚቀል አስቡት።

በሌላ በኩል ዲናችን ነገሩን አያከብደውም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) መንገድ ላይ አንዲት ተምር አግኝተው የሶደቃ እንዳትሆን ባይፈሩ ኖሮ ይበሏት እንደነበር ተዘግቧል። ባለቤቱ ተመልሶ የማይፈልገውን ጥቃቅን ነገር ዓመት ሙሉ እያስታወቅን እንድንዞር አልታዘዝንም። ያለ ስም የተገኘች እስክሪብቶ ካርቶን ጫማ አይደለችም።

ሸጦ ሶደቃ ስለማድረግ የቀረበው ሐሳብ ልባችንን የሚያታልለን ነው፤ መልካም ሥራ ይመስላልና። ባለቤቱን ሳንፈልግ በሰው ንብረት የምንሰጠው ሶደቃ ግን ከረዳቱ ደመወዝ ተቆርጦ የሚሰጥ ሶደቃ ነው። በዚያ ገንዘብ የምናፈጥረው ኢፍጣር እንዴት በረካ ይኖረዋል? አበው የሰው ወርቅ አያደምቅ ያሉት በከንቱ አይደለም።

በዋሻ ስለተዘጋባቸው ሦስት ሰዎች የሚናገረውን ሐዲስ ሁላችንም እናውቀዋለን። ከሦስቱ አንዱ ደመወዙን ሳይወስድ የሄደ የቀን ሠራተኛ ነበረው። ያንን ጥቂት እህል ዘራው፤ ተራባ፤ የከብት መንጋ ሆነ። ሠራተኛው ከዘመናት በኋላ መጥቶ ሒሳቡን ሲጠይቅ መንጋውን በሙሉ አስረከበው። ሠራተኛው ያሾፈብኛል ብሎ ማመን አቅቶት ነበር። ያ ሰው በጭንቁ ሰዓት ወደ አላህ የቀረበበት ሥራ ይህ ነው፤ እጁ ላይ የቀረን የሌላ ሰው ሐቅ ባለመብላቱ።

የመጋቢቱ ሌሊት

ጉዳዩ የአንድ ካርቶን ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ በአንድ የጁምዓ ማግስት ጨዋታ ይበቃው ነበር። ነገር ግን የ2016 ዓ.ም. መጋቢትን የዚያን ጊዜ የግቢ ተማሪ የሆነ ሁሉ አይረሳውም። ረመዳን ከገባ ሳምንት አልሞላውም ነበር። ለመጋቢት 7 አጥቢያ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ለሰዓታት ተዛብቶ ደንበኞች በሒሳባቸው ካለው በላይ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ባንኩ የሳይበር ጥቃት እንዳልነበረ ገልጿል። ወሬው በስልክና በመልዕክት ከግቢ ወደ ግቢ ተዛመተ። በዩኒቨርሲቲዎች ኤቲኤም ፊት በእኩለ ሌሊት ሰልፍ ሆነ። ባንኩ በኋላ እንዳስታወቀው የተወሰደው ወደ 801 ሚሊዮን ብር ነበር። ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎቻቸው ገንዘቡን እንዲመልሱ አሳሰቡ። ባንኩ በፈቃዳቸው የሚመልሱ በወንጀል እንደማይጠየቁ ገለጸ፤ አብዛኛውም ገንዘብ ተመለሰ። ያልመለሱትን ሰዎች ግን ስማቸውንና ፎቶግራፋቸውን ይፋ አወጣ።

ያ ሌሊት ከካርቶኑ የባሰ ነበር። ካርቶኑ ራሱ መጣ፤ ወደ ኤቲኤሙ ግን በእግር ተሄደ። የሆነ ሆኖ የተሰጡት ምክንያቶች ዶርማችን ውስጥ ከሰማናቸው ጋር አንድ ናቸው፦ «ማሽኑ ነው የሰጠኝ»፣ «ሁሉም እያወጣ ነው»፣ «ስህተቱ የእነሱ ነው»። ሌላም አለ፤ ከእኛው ወገን በጆሯችን የሰማነው ስለሆነ ልንደብቀው አይገባም። «ባንክ በወለድ ነው የሚሠራው፤ ከእሱ መውሰድ ምን ኃጢአት አለው?» የሚል ነው። ይህ አባባል ዲናዊ ልብስ የለበሰ ስስት ነው። የሌላው ወለድ መብላት የእኛን የሰው ገንዘብ መብላት ሐላል አያደርገውም። ደግሞስ በዚያ ባንክ ያለው ገንዘብ የማን ነው? የዳንግላው እህል ነጋዴ፣ የቻግኒው ገበሬ፣ በየወሩ ለእኛ የኪስ ገንዘብ የምትልክልን እናታችን ገንዘብ ነው። ወለድን ሽሽት ከወለድ ነፃ በሆነው አገልግሎት ያስቀመጠው ሙስሊም ገንዘብም እዚያው አለ።

እነዚያ ቀናት ያስተማሩን ትልቁ ነገር የተገኘው ገንዘብ ሲወጣ ቀላል፣ ሲመለስ ከባድ መሆኑን ነው። ያወጣውን ሳይነካ በማግሥቱ የመለሰ ሰው በሰላም ተኛ። ያጠፋው ሰው ግን ያላሰበው ዕዳ ተሸከመ። አማናን ቶሎ መመለስ ለባለቤቱ ብቻ ሳይሆን ለራሳችንም እዝነት ነው። አልጋ ሥር የሚያድር የሰው ዕቃ በየሌሊቱ የራስ እየመሰለ ይሄዳል።

ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት

አሁን ወደ ሌላው ጎን እንዙር። የመጣው ዕቃ በስህተት ሳይሆን ሆን ተብሎ የተላከብንስ እንደሆነ?

አንዲት እህታችን በቴሌግራም ቻናል ላይ አንድ አባያ አይታ «ዋጋው ስንት ነው?» ብላ ጠየቀች። ጥያቄዋ ይህ ብቻ ነበር። ከሦስት ቀን በኋላ «ዕቃሽ መናኸሪያ ደርሷል፤ የመጓጓዣ ሒሳብ ጨምረሽ ክፈዪ» ተብሎ ተደወለላት። አላዘዝኩም ብትል «እህቴ፣ ለአንቺ ብዬ ነው የላኩት፤ ሙስሊም ሙስሊምን አያከስርም» ተባለች። አፈረች። ቤተሰቦቿ ለወሩ ከላኩላት ላይ ቆርጣ ከፈለች። አባያው አልሆናትም፤ የወሩን መጨረሻም በብድር አሳለፈች።

ይህች እህት ምንም ዕዳ አልነበረባትም። በሱረቱ አን-ኒሳእ 29ኛው አንቀጽ የንግድ መሠረት የሁለቱ ወገን ውዴታ መሆኑ ተቀምጧል። ዋጋ መጠየቅ ውዴታ አይደለም፤ ማፈርም ውዴታ አይደለም። ከሰው ገንዘብ በይሉኝታ የተነጠቀው በደስታ ከተሰጠው ጋር እኩል እንዳልሆነ ዑለማዎቻችን ደጋግመው ያስጠነቅቃሉ። ወንድምነትን የዕቃ ማራገፊያ ያደረገ ነጋዴ ወንድምነቱን ራሱ አጉድሏል።

የአገራችንም ሕግ እዚህ ላይ ከእሷ ጋር ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1682 በመርህ ደረጃ ዝም ማለት እንደ መቀበል እንደማይቆጠር ደንግጓል። በሁለቱ መካከል የቆየ የንግድ ግንኙነት ሲኖር ሕጉ ለየት ያለ ነገር ይላል። ለማታውቂው ሻጭ ግን «ካልመለስሽ ገዝተሻል ማለት ነው» የማለት መብት የለውም። ይኸው ሕግ በሌላ በኩል ከአንቀጽ 2162 ጀምሮ ያለ በቂ ምክንያት በሌላው ንብረት የበለጸገ ሰው እንዲክስ፣ የማይገባውን ክፍያ የተቀበለም እንዲመልስ ያዛል። ሁለቱ ጎኖች እዚህም አሉ። አልገዛሽም፤ ግን የራስሽም አልሆነም።

ሌሎች አገሮች ይህ ችግር ቀደም ብሎ ስለገጠማቸው ሕጋቸውን አጠንክረዋል። ነጋዴዎች ማንም ያላዘዘውን ዕቃ በፖስታ እየላኩ ኋላ ሒሳብ ይጠይቁ ነበር። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1970 የወጣ ሕግ ሻጭ ሆን ብሎ በፖስታ የላከውን ያልታዘዘ ዕቃ ተቀባዩ እንደ ስጦታ እንዲቆጥረው ፈቀደ። ብሪታንያም በ1971 ተመሳሳይ ጉዳይ የሚመለከት ሕግ አወጣች። የአውሮፓ ኅብረት የ2011 መመሪያም ላልታዘዘ ዕቃ ተቀባዩ እንዳይከፍል ይጠብቀዋል። ውጭ ካሉ ዘመዶቻችን «እዚህ አገር ያላዘዝከው ከመጣ ያንተ ነው» የሚል ስንሰማ ምንጩ ይህ ነው። ልብ እንበል፦ እነዚህ ሕጎች የወጡት ተንኮለኛ ሻጭን ለመቅጣት ነው። ለጎረቤት የተላከ ዕቃ ተሳስቶ በራችን ላይ ቢቀመጥ እንድንወርሰው አይደለም።

ያልታዘዘ ዕቃ አደጋ ይዞ የሚመጣበትም ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. በ2020 በጋ በአሜሪካ ብዙ ሰዎች ያላዘዙት የዘር ፍሬ ከሩቅ አገር በፖስታ ደረሳቸው። የአገሪቱ ግብርና መሥሪያ ቤት ማንም እንዳይዘራው አስጠነቀቀ። እኛ አብዛኞቻችን የገበሬ ልጆች ነን፤ የማይታወቅ ዘር በሰው ማሳ ላይ ምን አረምና በሽታ ሊያመጣ እንደሚችል ማንም ሊነግረን አያስፈልግም።

በእኛ ግቢ ያለው አደጋ ሌላ መልክ አለው። «ከውጭ አገር ስጦታ ተልኮልሃል፤ የቀረጥ ክፈልና ውሰድ» የሚል መልዕክት ይመጣል። ስጦታው የለም፤ ያለው የሚከፈለው ብቻ ነው። «በስህተት ብር ልኬብህ ነው፤ ባላህ መልስልኝ» የሚል ጥሪም አለ፤ የገባ የሚመስለው ገንዘብ የውሸት አጭር መልዕክት ብቻ ሆኖ ይገኛል። አላህን የሚፈራ ልብ ያላቸው ተማሪዎች በዚህ በቀላሉ ይታለላሉ። አማናን መመለስ ግዴታ ነው፤ ሳያረጋግጡ መላክ ግን ግዴታ አይደለም።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

የፊቅሁን ዝርዝር ለኡስታዞቻችን እንተወው። ከገጠመን ተነሥተን ግን በጀመዓችን እንዲለመድ የምንፈልገው ይህ ነው።

አንደኛ፣ አለመክፈትና አለመጠቀም። ምን እንዳለበት የማናውቀውን የሰው ዕቃ መክፈት ለባለቤቱም ለእኛም አይበጅም። የሚያጠራጥር ከሆነ ደግሞ ወደ ዶርም ሳናስገባ ለጥበቃው እናስረክብ። ዕቃው ምንም ቢሆን ከእኛ እጅ ሲገኝ የምንጠየቀው እኛ ነንና።

ሁለተኛ፣ ምስክር መያዝ። ዕቃ ሊመልስ የሄደ ሰው ራሱ ሌባ ሊባል ይችላል፤ ይህ ስጋት እውነተኛ ነው። ስለዚህ ዕቃው በደረሰበት ሰዓት ከሁለት ሰው ጋር ሆነን እንደታሸገ ፎቶ እናንሳው። ማን አመጣው፣ መቼ፣ ላዩ ላይ ምን ተጽፏል የሚለውን እንመዝግብ፤ ለፕሮክተር እናሳውቅ። ስንመልስም በፊርማ ይሁን።

ሦስተኛ፣ በዚያው ቀን መፈለግ። በካርቶኑ ላይ ስልክ ካለ መደወል፣ ከሌለ ያመጣውን ሰው መከታተል፤ ባጃጁን፣ መናኸሪያውን፣ ረዳቱን። በቴሌግራም ግሩፕ ስናስታውቅ «ካርቶን ተገኝቷል» ብቻ እንበል። ቀለሙን፣ ማሰሪያውንና የተጻፈበትን ባለቤቱ ራሱ ይንገረን። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) መያዣውንና ማሰሪያውን ለይተህ እወቅ ያሉት ጥበብ ዛሬም ከአጭበርባሪ ይጠብቀናል።

አራተኛ፣ የሚበላሽ ነገር ከሆነ አለማባከን። ባለቤቱ የማይታወቅ ሙዝ ወይም ዳቦ እስኪሻግት ማስቀመጥ አማናን መጠበቅ አይደለም። በምስክር ተሽጦ ዋጋው ይቀመጥ፤ ወይም ተበልቶ ዋጋው እንደ ዕዳ ይመዝገብ። ባለቤቱ ሲመጣ ገንዘቡን ያገኛል።

አምስተኛ፣ በስልክ የገባ ገንዘብ ከሆነ መጀመሪያ የራስን ሒሳብ ማየት እንጂ መልዕክቱን ማመን አይገባም። ገንዘቡ በእርግጥ ገብቶ ከሆነም ለደወለው ሰው በቀጥታ አንላክ፤ በአገልግሎት ማዕከሉ ወይም በባንኩ በኩል ይመለስ። አለበለዚያ አንዴ እኛ ልከን፣ አንዴ ደግሞ ድርጅቱ ከሒሳባችን ቀንሶ ሁለት ጊዜ ልንከፍል እንችላለን። እስከዚያው ገንዘቡን አንንካው።

ስድስተኛ፣ ሆን ተብሎ ለተላከብን ዕቃ በግልጽ ቃል «አላዘዝኩም፤ ዕቃህ እዚህ አለ፤ መጥተህ ውሰድ» ማለት። የመመለሻ ወጪውን መሸከም የእኛ ግዴታ አይደለም፤ ዕቃውን ማበላሸትም መብታችን አይደለም። መልሱ በጽሑፍ ቢሆን ይመረጣል። ላኪው ጫና ካበዛ እህቶቻችን ብቻቸውን አይጋፈጡት፤ ለጀመዓው ይንገሩ። በሌላ በኩል በቴሌግራም የምንነግድ ወንድሞችና እህቶችም አለን። ደንበኛችን «እሺ፣ ላክልኝ» ሳይል አንላክ፤ ስልኩን ደግመን ሳናረጋግጥ ካርቶን አንሰር። ስምን በማርከር ብቻ ጽፎ በዝናብ ወቅት መላክ የሰው ረዳት ማስጨነቅ ነው።

የአማና መዝገብ

ከካርቶኑ በኋላ የምናቀርበው አንድ ሐሳብ አለ። ጀመዓችን አንድ ደብተር ይኑረው፤ «የአማና መዝገብ» እንበለው። አንድ ወንድምና አንዲት እህት ይያዙት። ወድቆ የተገኘ፣ ተሳስቶ የመጣ፣ ባለቤቱ ያልታወቀ ነገር ሁሉ ይመዝገብበት። ዕቃው ለፕሮክተር ወይም ለጥበቃ ሲሰጥም የተረከበው ሰው ይፈርምበት። ወጪው የአንድ ደብተር ዋጋ ነው። አገልግሎቱ ለሙስሊሙ ብቻ አይሁን፤ ዕቃው የጠፋበት የግቢው ሰው ሁሉ ይጠይቀን።

«ለማያምን ሰው ዕቃ ይህን ያህል መድከም ምን ያደርጋል?» የሚል ካለ የሂጅራን ሌሊት ያስታውስ። ቁረይሾች ነቢያችንን (ሰ.ዐ.ወ.) ሊገድሉ ቤታቸውን በከበቡበት ሌሊት የእነዚያው የመካ ሰዎች ንብረት በእሳቸው ዘንድ በአደራ ተቀምጦ ነበር። እሳቸው ሲወጡ ዐሊይን (ረ.ዐ.) ወደ ኋላ ያስቀሩት አማናውን ለየባለቤቱ እንዲያስረክብ ነው። የሚያሳድዷቸው ሰዎች እንኳ ገንዘባቸውን ከእሳቸው የተሻለ የሚያምኑበት ቤት አልነበራቸውም። እኛ በአዊ ምድር በቁጥር ጥቂት ነን። ከጎረቤቶቻችን ብዙዎቹ ስለ እስልምና የሚያውቁት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከእኛ ጋር ከሚያደርጉት ግብይት ነው። ያ ረዳት ስለ ዲናችን የሰማው የመጀመሪያ ትምህርት ምናልባት የልጆች ጫማ ያለበት ካርቶን ነው። ትምህርቱ በሦስት ሌሊት መዘግየቱ ዛሬም ያሳፍረናል።

በሚቀጥለው ጊዜ በራችን ላይ ያላዘዝነው ነገር ሲቆም «ምን ይሆን ውስጡ?» ከማለታችን በፊት «ማን ይሆን የሚፈልገው?» እንበል። ደብተሩን ለመያዝ ፈቃደኛ የሆናችሁ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ስማችሁን ስጡን።

አላህ በሐላሉ ያብቃቃን፤ በእጃችን ላይ የሰው ሐቅ እያለ ከመገናኘት ይጠብቀን። አሚን።